ሽማግሌ ተልኮ ስለተወሰደው አምስት ቁጥር ማልያ

ለተከበሩ አቶ ፀሐዬ መንገሻ
የዋንዛ እግር ኳስ ቡድን ኮሚቴ ሊቀመንበር
ሼፈርድስ ቡሽ፣ ለንደን

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤንነትና በሙሉ እርካታ ላይ ሆነው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ባለፈው ክረምት ያስቸግርዎ የነበረው ጉልበትዎ እንደተሻለው ከባለቤትዎ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ረጅም ሰዓት በወንበር ላይ መቀመጥን የሚጠይቅ ኃላፊነት የተሸከመ ሰው ጉልበቱን መጠበቅ ስላለበት፣ ለእኛ ለደጋፊዎችዎ ሲሉ አደራ ይጠንቀቁ።

ሐሳቤን በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት በስብሰባ ላይ ለመናገር ሞክሬ ስላልሆነልኝ ነው። የደጋፊ ጥያቄ በአጀንዳው መጨረሻ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር እንደሚታይ በትሕትና ተነግሮኛል። ልዩ ልዩ ላይ የደረሰ ስብሰባ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኔም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላዬን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ካፖርቴን ደርቤ ከሜዳው ዳር የምቆም ተራ ደጋፊ ስለሆንኩ፣ የተሻለ በር አላገኘሁም።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ወዲህ በዚህ ከተማ የምንኖር ሰዎች ብዙ ነገር ተከፋፍለናል። ማኅበራችን ለሁለት ተከፈለ፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ እንደገና ለሁለት ተከፈለ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ እንኳ ጤና ይስጥልኝ የምንባባለው ተመራርጠን ሆነ። ሳይከፈል የቀረው ዋንዛ ብቻ ነበር። እዚያ ሜዳ ዳር ሌላ ቦታ የማይነጋገሩ ሰዎች በአንድ ዳኛ ላይ አብረው ይጮሁ ነበር። ዋንዛ የተረፈው የተለየ ጥበብ ኖሮት አልነበረም፤ እሱን ለመክፈል ጊዜ ያገኘ ሰው ስላልነበረ ነው። ኮሚቴዎ በብዙ ሥራ መካከል ይህን ጊዜ ማግኘቱ የሚደነቅ ነው፤ እንኳን ደስ ያላችሁ።

አቤቱታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አሰላለፉ ለውጥ። አምስት ቁጥራችን ተስፋኣለም አስመራ ተወልዶ ካዛንቺስ ያደገ፣ ሃክኒ የሚኖር፣ ሊፍት በመጠገን የሚተዳደር ሰው ነው። መሀል ተከላካይ ነው። ፈጥኖ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም፤ ኳሱ ወደሚመጣበት ቀድሞ ሄዶ ቆሞ ስለሚጠብቅ መሮጥ አያስፈልገውም ነበር። አጥቂ አይገፋም፣ አይጠልፍም፤ አጠገቡ ይቆምና አጥቂው ራሱ መንገድ እስኪጠፋበት ይታገሣል። ተከላካዮቹን የሚያዘው በትግርኛ ነበር። «ንዓ» ሲል ይጠጉታል፤ «ሕደጎ» ሲል ኳሱን ለበረኛው ይተዋሉ። ከጎንደርም፣ ከወላይታም፣ ከሐረርም የመጡ ልጆች እነዚህን ቃላት ከእሱ ተምረው እርስ በርሳቸው ሲጠራሩባቸው ኖረዋል፤ ከየት እንደመጡ የጠየቀም አልነበረም።

ኮሚቴዎ ይህን ሰው ለዘንድሮው የበጋ ውድድር ከሚሄደው ቡድን ያስወጣው «በዕድሜና በብቃት ግምገማ» መሠረት መሆኑን ገልጿል። የዘንድሮው የመጨረሻው እንደሚሆን፣ ከዚያ በኋላ ጫማውን እንደሚሰቅል፣ ተስፋኣለም ራሱ ለሁላችንም ተናግሮ ነበር። የቀረው አንድ በጋ ብቻ ነበር። ዕድሜን በተመለከተ ኮሚቴዎ ያለውን ጥብቅ አቋም አከብራለሁ፤ ክቡርነትዎ በሊቀመንበርነት ቦታዎ ላይ ዋንዛ ከተመሠረተ ጀምሮ አንድ ጊዜም ሳይቀየሩ መሰለፍዎም ጉዳዩን በጥልቀት እንዲያውቁት ሳይረዳዎ አልቀረም።

ክፉ ሰዎች ግን ምክንያቱን ከዕድሜ ጋር አያገናኙትም። በሚያዝያው ስብሰባ ላይ አንድ የኮሚቴ አባል ተነሥተው «ሰውየው ግን ወገኑ የት ነው? እሱ ይታወቅልን» ማለታቸውን ያስታውሳሉ። ተስፋኣለም ከኋላ ወንበር ሆኖ «እኔ በዚያ አገር ድምፅ የለኝም ወንድሜ። ኮርነር ሲመጣ ማንን እንደምይዝ ንገሩኝ፣ እሱን እይዛለሁ» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ኮሚቴው አልሳቀም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ። ውሳኔውን በስልክ ወይም ከልምምድ በኋላ በሁለት ቃል ከመንገር ይልቅ ሦስት አዛውንት መላካችሁ ለሰው ክብር ያላችሁን ጥንቃቄ ያሳያል። ከሦስቱ አንዱ አቶ ገብረሂወት የአስመራ ሰው መሆናቸውም የአጋጣሚ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ችግሩ፣ እነዚህ የተከበሩ ሰዎች በሕይወታቸው ሦስት ሆነው የሰው ቤት የሄዱት ልጅ ለመጠየቅ ብቻ በመሆኑ ሌላ አካሄድ አለማወቃቸው ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው ሃክኒ ደረሱ። በሩን የከፈተችላቸው የተስፋኣለም ባለቤት ኣኽበረት ናት። ግቡ ተቀመጡ አለቻቸው። ገቡ፤ አልተቀመጡም። «አባወራው መጥቶ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው በረድፍ ቆሙ።

ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ሴት ልጅ ያላት እናት ይህን ስታይ ምን እንደምታስብ ለክቡርነትዎ ማስረዳት አይገባኝም። እኔ የምኖረው ከእነሱ በላይ ባለው ፎቅ ነው። ስልኬ ጮኸ፤ «ሮሚ፣ ድረሽልኝ! ሽማግሌ ቤቴ ቆሟል፣ እኔ ደግሞ ቤቱን እንኳ አልጠረግኩም!» ስወርድ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃቸው ሳባ መኝታ ቤት እንድትገባ ተደርጋ በበሩ ክፍተት «ማሚ፣ ሲሪየስሊ፣ ማነው ሰውየው? አውቀዋለሁ?» ትላለች። እናቷ «ዝም በይ አንቺ፣ ይሰሙሻል» እያለች ለእንግዳ ብላ ያስቀመጠችውን ዝግኒ ወጥ ከፍሪዘር አውጥታ ትጥዳለች። በፊቷ ላይ ያለውን ተስፋ አይተውት ይሆን ብዬ ሽማግሌዎቹን ዞር ብዬ አየኋቸው። ሦስቱም ምንጣፉን ይመለከቱ ነበር። የወጡ ሽታ ሲመጣ ነገሩ እንዴት እንደተበላሸ የገባቸው ይመስለኛል፤ ደፍሮ የተናገረ ግን አልነበረም።

ተስፋኣለም ከሥራ ሲመለስ እንደቆሙ አገኛቸው። አቶ ገብረሂወት ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ቡድኑ ታሪክ፣ ስለ ወጣቶች ተራ፣ ስለ ጊዜ ጥሩነትና ክፋት ብዙ ተናገሩ። ኣኽበረት እስከ መጨረሻው ድረስ ነገሩ ወደ ልጇ እንደሚዞር ተስፋ አድርጋ አንገቷን ትነቀንቅ ነበር። ከዚያ ማልያውን ጠየቁ።

ኣኽበረት ገብታ ማልያውን አመጣችው። እንደወትሮው ታጥቦ ተተኩሶ ነበር። በሁለት እጇ ሰጠቻቸውና «አባቶቼ፣ ልጄን ብትጠይቁኝ፣ ላስብበት ብዬ ቀጠሮ እሰጣችሁ ነበር። ይህን ግን ዛሬውኑ ውሰዱት» አለች። ሳባ ከመኝታ ቤት ወጣች፤ ማልያውን አየች፣ አባቷን አየች፣ ተመልሳ በሩን ዘጋች።

«እንግዲህ የመጣችሁበትን ተናገራችሁ፤ አሁን ተቀመጡ፣ ምግብ ቀርቧል» ያለው ተስፋኣለም ነው። የእጅ ውኃ ይዞ መጥቶ፣ ታናሽ እንደሚያደርገው፣ የሦስቱንም እጅ አስታጠበ። አቶ ገብረሂወት ማልያውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ፣ ለልጅ ጥያቄ ከተሠራው ምግብ በሉ። ክቡር ሆይ፣ ዋንዛ ሲሸነፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ከሜዳ ወደ ቤቴ እያለቀስኩ የተመለስኩበትም ጊዜ አለ። እንደዚያ ማዕድ ግን አንድም ሽንፈት አልከበደኝም።

ሦስተኛ፣ ስለ ተተኪው ብቃት። አምስት ቁጥር የተሰጠው ለእህትዎ ልጅ ለልዑልቃል መሆኑን በተመለከተ ሰዎች የሚያወሩትን አልደግምም። ልጁ ጨዋ ነው፣ ይሠራል፣ ፈጣንም ነው። ነገር ግን ቅርብ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የክንፍ ተጫዋች ነበር፤ መሀል ተከላካይ ያደረገው ኮሚቴዎ ነው። አሁን ያንን ሁሉ ፍጥነት የሚጨርሰው የራሱን ስሕተት ለማሳደድ ነው። ለዚህ እሱን የሚወቅስ ሰው ኳስ አያውቅም።

ክላፓም ላይ ከጋናውያኑ ጋር ባደረግነው የዝግጅት ጨዋታ የገባብንን የመጀመሪያ ግብ አስታውስዎታለሁ፤ በዚያ ሰዓት ስልክ ላይ ነበሩ። ረጅም ኳስ መጣ። በረኛችን ዓባይ፣ የመርካቶ ልጅ፣ ከግቡ ወጥቶ በለመደው ቃል «ሕደጎ!» ብሎ ጮኸ። ልዑልቃል ቃሉን ሰምቶት አያውቅም። ዘሎ በግንባሩ ገጨው፤ ኳሱ በዓባይ ራስ ላይ አልፎ የራሳችን መረብ ውስጥ ገባ። ሁለቱ ልጆች ተያዩ። በዕረፍት ሰዓት አንድ የኮሚቴ አባል ዓባይን ጠርተው ከእንግዲህ በአማርኛ እንዲጮህ አዘዙት። «ጋሼ፣ ለዚህ የሚሆን ሌላ ቃል እኔ አላውቅም» አለ ዓባይ፤ እያሾፈ አልነበረም። ሦስት ለዜሮ ተሸነፍን። ለቋንቋው ጉዳይ ስለተሰጠው አስቸኳይ መፍትሔ ከልብ አመሰግናለሁ።

አራተኛው አጭር ነው። ከዚያ በተከታዩ እሑድ ተስፋኣለም የሥራ ጃኬቱን እንደለበሰ መጥቶ ከግባችን ጀርባ ቆመ። በእጁ ብቻ ለልዑልቃል የት እንደሚቆም ያሳየው ነበር፤ ትንሽ ወደ ግራ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ አሁን ቁም። ልጁም እየሰረቀ ያየዋል። እሱ እዚያ ቆሞ ሳለ ግብ አልገባብንም። ክቡርነትዎ ግን የሜዳውን ዳር ዞረው እሱ ያለበት ድረስ ሄደው፣ ተመልካች ከግብ ጀርባ መቆሙ ተጫዋች እንደሚያውክ አስረዱት። ጉልበትዎ መዳኑን ያረጋገጥኩት ያን ዕለት ነው። ልዑልቃል «አጎቴ፣ ተዉት እባክዎ፣ እየረዳኝ እኮ ነው» ሲል ሁላችንም ሰምተናል። ተስፋኣለም «ግድ የለም ልጄ፣ አንተ ሰውህን ብቻ ያዝ» አለውና ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄደ። ከዚያ ወዲህ በዋንዛ ሜዳ አላየሁትም። ከሜዳው ዳር የምንቆመውም ቀንሰናል፤ ያለነውም ዳኛው ላይ አንጮህም።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ቡድኑ ለበጋው ውድድር ከመሄዱ በፊት የአንድ ተከላካይ ቦታ ይመለስ። ልዑልቃል ወደ ክንፉ ይሂድ፤ እዚያ ያምርበታል። ተስፋኣለም የቀረውን አንድ በጋ ይጫወትና በገዛ እጁ ማልያውን ያውልቅ። ሽማግሌ መላክ ለኮሚቴዎ ከባድ እንዳልሆነ አይተናል፤ የሃክኒን መንገድም ያውቁታል። እንቢ ካላችሁ ግን አንድ ተጫዋች ቀነስን ብላችሁ በመዝገብ እንዳትጽፉ እለምናለሁ። የቀነሳችሁት እኛ ሁላችን ሳንጠያየቅ ጎን ለጎን የምንቆምበትን የመጨረሻ ቦታ ነው፤ በዚህ ከተማ ሌላ እንዳለን እኔ አላውቅም።

ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ አጀንዳዎን ያርዝምልዎ፣ ከተቀያሪነትም ይሰውርዎ እያልኩ፣ ለኮሚቴዎ አባላት ለእያንዳንዳቸው እንደየማዕረጋቸው ሰላምታዬ እንዲደርስልኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

በዝናብም በፀሐይም አክባሪዎ፣

ሮማንወርቅ ደበበ
ሃክኒ፣ ሰኔ ፳፻ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት አንድ ወሬ ሰማሁ፤ አጣርቼም እውነት ሆኖ አገኘሁት። ተስፋኣለም ሃክኒ ካሉት የቱርኮች ቡድን ጋር መጫወት ጀምሯል፤ የመጪው እሑድ የዝግጅት ጨዋታችሁም ከእነሱ ጋር ነው። ይህ ኮሚቴውን እንቅልፍ እንዳይነሳው ብዬ ኣኽበረትን ጠየቅኋት። እንደነገረችኝ፣ ተስፋኣለም የቱርኮቹን አሠልጣኝ ለዚያ ቀን እንዳያሰልፈው ለምኖታል። «በዋንዛ ላይ አልጫወትም» ብሎታል። ስለዚህ እሑድ ያለ ስጋት ይጫወቱ፤ ወገኑ የት እንደሆነ አባልዎ ለጠየቁት ጥያቄም መልሱ ይኸው።