ሣር ተመጋቢ፣ ጅብ አምራች ስለሆነባት መጽሐፍ

ለተከበሩ የመማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር ስሆን፣ ጽሕፈት ቤትዎ «የመሬትና የሥነ ምኅዳር መሠረታዊ ቃላት» ብሎ ያሳተማትን ቀጭን መጽሐፍ ሁለት ዓመት አስተምሬባታለሁ። ስለዋለችልኝ ውለታ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ገጽ አሥራ አራት ላይ የሁለት ቃላት ፍቺ ተቀያይሮ ታትሟል። በዚህም መሠረት ምግቡን ራሱ የሚያዘጋጀው ሣር «ተመጋቢ» ሲባል፣ ሌላውን እየበላ የሚኖረው ጅብ «አምራች» ሆኗል። መጀመሪያ የማተሚያ ቤት ስሕተት መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን የማውቃቸውን አንዳንድ ቢሮዎች ሳስብ ነገሩ ታስቦበት እንደሆነ ገባኝ።

ሁለተኛ፣ ስሕተቱን ጠቅሼ ለጻፍኩት ደብዳቤ በሰባት ወሩ «እርማት እስኪወጣ ድረስ መጽሐፉ ትክክል ነው» የሚል ባለ ማኅተም መልስ ስለሰጡኝ ውለታዎን አልረሳም። መልሱ የደረሰኝ ልጆቹ ከተፈተኑ በኋላ ነው። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት የደንብ ልብስ የምትሰፋ እናት አለች፤ ልጇ እኔ ያስተማርኳትን ይዛ ሣር አምራች ነው ብላ መለሰች፤ የፈተናው መልስ ግን በመጽሐፉ ስለታረመ በአንድ ነጥብ ወደቀች። እናትየዋ መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች መጥታ «መምህር፣ ልጄ ሰነፍ ናት እንዴ? ካልሆነላት ጎኔ ቁጭ ብላ ትስፋ፤ ብቻ እውነቱን ንገሩኝ» አለችኝ።

የሚቀጥለውን ሦስተኛ ብዬ ከምስጋናው ልቆጥረው አልቻልኩም። ዘንድሮ ልጅቷ የመጨረሻ ዕድሏን ትፈተናለች። እኔም ማኅተምዎን ፈርቼ ዓመቱን ሙሉ ውሸቱን አስጠናኋት፤ ጎበዝ ናትና አንድ ቃል ሳትስት ያዘችው። ባለፈው ሰኞ ደግሞ ከጽሕፈት ቤትዎ ሰርኩላር መጣ። መጽሐፉ መታረሙን ያበስራል፤ የፈተናው መልስ አብሮ ይታረም አይታረም ግን አይልም። እንዲያውም ጉዳዩ የፈተና ምስጢር ስለሆነ፣ ለተማሪ ትንፍሽ ያለ መምህር ከሥራ ይሰናበታል ይላል። ስልክ ብደውል ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን በትሕትና ነገረችኝ፤ ስብሰባው ዛሬ አራተኛ ቀኑን ይዟል። እውነቱን ብነግራት ትወድቅ ይሆናል፤ ውሸቱን ብተውላትም ትወድቅ ይሆናል፤ እኔ ዝም ብል ደመወዜ አይጎድልም፣ የምትወድቀው እሷው ናት። የገዛ ክፍሌ ውስጥ መውጫ ያጣሁ ሰው ሆኛለሁ፤ እፈራለሁ፣ በመፍራቴም አፍራለሁ።

የጽሕፈት ቤትዎን ጥበብ ለማድነቅ ቃላት ያጠሩት፣ ያሉትም ቃላት የተቀያየሩበት ታዛዥዎ፣
የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፈተናው ነገ ነው። ዛሬ ከሰዓት እናቷ ስፌት ቤት ድረስ ሄጄ፣ እናቷ እየሰማች፣ ለልጅቷ እውነቱን፣ መጽሐፉ መታረሙንና አምራቹ ሣር መሆኑን፣ ነገርኳት። እሷም «ይሄንንማ አምና አውቀው ነበር» ብላ ደብተሯን ዘጋች። ሰርኩላርዎን ጥሻለሁና በቦታዬ ሌላ ሰው ይፈልጉ። የሚፈራ መምህር እንደማያጥርዎት እርግጠኛ ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዱ እኔ ነበርኩ።