የሸንጎው ባልዲ

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ሳቬሊ፤ ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ከምትገነባው ግንብ መወጣጫ ወድቀህ የተጎዳው ትከሻህ ዳነልህ? የፒተርስቡርግ ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እኔም፣ ልጄ ግላሻም፣ እናታችንም፣ እግዜር ይመስገን፣ በሕይወት አለን። ደኅና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም።

ባሌ ዴሚድ ሰክሮ በረዶ ላይ ከቀረ ወዲህ ቮድካ ደጄን እንዳይረግጥ መማሌን ታውቃለህ። ዘንድሮ የመንደሩ መሬት ሲደለደል ያ መሬት የማይጠግበው ፓርፊዮን ለሸንጎው ሁለት ባልዲ ቮድካ አቀረበ። ጠጡና "ወንድ የሌለበት ቤት እርሻ ምን ያደርግለታል?" ብለው የወንዝ ዳር መሬቴን ሰጡት። በማግስቱ የሸንጎው ዳኛ ዬርሞላይ እንባውን እየጠረገ መጣና "ኡስቲኒያ ልጄ፣ በደልንሽ፤ ምን እናድርግ፣ ጠጥተን ነበር እኮ" አለኝ። ቀጠለና ደግሞ "ራሴን ፈለጠኝ፣ አንድ መለኪያ አይጠፋሽም?" አይለኝም! አንጀቴ አረረ። አቤት ልል ቄሱ ዘንድ ብሄድ፣ እሳቸውም ከባልዲው ቀምሰው ኖሯል።

የሸንጎው ሰዎች ሦስት ባልዲ ካመጣሽ ፍርዱ ይገለበጣል አሉኝ። ላሚቱን ሸጥኩ። በገዛ እጄ ቀዳሁላቸው። ዴሚድን የቀበሩት ሰዎች "ለነፍሱ" እያሉ ጨለጡ፤ "አሁን ገና ሰው ሆንሽ!" እያሉም ሳቁብኝ።

አንተ ስለሌለህ በአንተ ፈንታ ሸንጎ የሚቀመጠው ልጅህ ኦሲፕ ነው። በፓርፊዮን ጊዜ "የአክስቴን እንባ አልጠጣም" ብሎ ብቻውን ጥሏቸው ወጥቶ ነበር። ስለዚህ በእኔ ጊዜ ቂማቸውን አወጡ። "ዛሬም ያዋርደናል? ወይ ይጠጣ፣ ወይ መሬትሽን እርሺው" አሉኝ። ልጁ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ቀዳሁለት። ለእኔ ሲል ጠጣው፤ መሬቴም ተመለሰ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ከዚያ ወዲህ እየሳቀ ከእነሱ ጋር ይውላል። የላክህለትን ቦቲ ጫማ በመጠጥ ለውጦታል። ስመክረው "አክስቴ፣ አንቺ አይደለሽም የቀዳሽልኝ?" ይለኛል። ወዳንተ ውሰደው እንዳልል፣ እዚያም መጠጥ ቤቱ በየማዕዘኑ ነው ይላሉ። ያም ሆኖ ና፣ ጋሼ። እኔን ብትረግመኝም ና።

እናታችን "ዓይኑን ሳላይ አልሙት" ትልሃለች። ግላሻ አጎቴን ሳሙልኝ ብላለች። ይህን የምትጽፍልኝ የዲያቆኑ ልጅም እጅ ትነሳለች። የኦሲፕን ሰላምታ ላስጽፍ ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ብጠብቅ፣ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ ልጁ ገና አልነቃም።

እህትህ ኡስቲኒያ
ዬርሚሎቮ መንደር፣ ራያዛን
በዕርገት ማግስት፣ 1884