ዝም ያለው ካምቢዮ

ውድ ወንድሜ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንደዚያ ስለሚባል ነው። ሌላ ቃል ፈልጌ ነበር፤ የመጡልኝ ሁሉ ወረቀት ላይ የሚሰፍሩ አልሆኑም። ጤናህን አልጠይቅህም፤ በላክኸው ፎቶ ላይ ጉንጭህ ሞልቶ አይቼዋለሁ።

ደብዳቤህ ደርሶናል። ለአባባ ጮክ ብዬ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ መነጽራቸው ከተሰበረ ቆይቷል። በወሩ መጨረሻ ከባለቤትህና ከልጆችህ ጋር እንደምትመጣ፣ ልጆችህ «አባታችን በገዛ እጁ የሠራውን ትራክተር» ለማየት እንደጓጉ፣ ባትሪውና ጎማው ታይቶ ተነስቶ እንዲጠብቅህ ጽፈሃል። ከታች ደግሞ «ካምቢዮውን ግን ማንም እንዳይነካው፤ በተለይ እሷ» ብለሃል። እሷ ማለት እኔ ነኝ። እሱንም ጮክ ብዬ አነበብኩት። አባባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

እንግዲህ ነካሁት። ነክቼም አላበቃሁም፤ ፈታትቼ ሸራ ላይ ዘረገፍኩት።

ይህን ደብዳቤ ባለቤትህ ብታነበው ነገሩ እንዲገባት ከመጀመሪያው ልጀምር። አንተማ ታውቀዋለህ፤ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ትራክተሩ ከሁለታችንም ዕድሜ ይበልጣል። አባባ «የበኩር ልጄ» ነበር የሚሉት፤ አንተ ሁለተኛ፣ እኔ ሦስተኛ ነበርኩ፤ ቀልድ ብቻ ነበር ለማለትም ይቸግረኛል። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሩቅ ቦታ ሥራ አግኝተህ ልትሄድ ስትነሳ አባባ «ካምቢዮውን ሳትሠራልኝ ከዚህ ግቢ ንቅንቅ አትላትም» አሉህ። ያኔ ካምቢዮው፣ ማለት የማርሹ ሣጥን፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሲገባ ጩኸቱ ጎረቤት ይቀሰቅስ ነበር። እኔ «ይከፈት፤ ዘንጉን የሚሸከመው ኩሽኔታ አልቋል፣ ጥርሱም ተበልቷል» አልኩ። አንተ ደግሞ «አንቺ ስለ ድስት አውሪ» አልክና ቤቱን በሳቅ ሞላኸው። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ዛሬ ሲታወሰኝ አንጀቴን የሚያሳርረው የራሴ ሳቅ ነው።

ሁለት ሳምንት መጋዘኑን ከውስጥ ቆልፈህ ስትደበድብ ከረምክ። ሻይ ሳመጣልህ እንኳ በሩን ገርበብ አድርገህ በእጅህ ብቻ ነበር የምትቀበለኝ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ሞተሩን አስነስተህ ማርሽ ስታስገባ ካምቢዮው ጸጥ አለ። አባባ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አድርገው አለቀሱ። ጎረቤት ተጠራ። «ኩሽኔታውን ቀየርኩት፣ ጥርሱንም አስተካከልኩት» አልክ፤ ተመረቅክ፤ ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ።

በሄድክ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ተሳቢው ላይ ጡብ ጭነን፣ እኔ እየነዳሁ፣ አባባ ከጎኔ የኋላው ጎማ መከለያ ላይ ተቀምጠው ቁልቁለቱን ስንወርድ ማርሹ በራሱ ዘለለ። ሁለቱም እጆቼ መሪው ላይ ነበሩ። የማርሹ ዘንግ ማንም ሳይነካው ቀጭ ብሎ ማርሽ ወደሌለበት ወደ ፍሪ ሲወጣ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ሞተሩ መያዙን ተወ፤ ጡቡ ከኋላ ገፋን፤ ፍሬኑ አልቻለውም። ቦይ ውስጥ ገባን። እኔ ተረፍኩ፤ አባባ ዳሌያቸው ተሰበረ።

«ማርሹ ራሱ ወጣ» አልኩ። ለሐኪሙ አልኩ፣ ለጎረቤት አልኩ፣ ለአባባ አልኩ። ማን ይስማኝ? አንተ ሠርተኸው ሄደሃል። በስልክ ሲነገርህ ያልከውን አልረሳሁም፤ «ቁልቁለት ላይ ማርሽ ልትቀይር ሞክራ ይሆናል፤ ሴት ልጅ ትደነግጣለች» ነበር ያልከው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ማርሽ ሰባሪዋ» ሆነ። ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ «መንገድ ልቀቁላት፣ ቁልቁል እንዳትመጣብን» ይሉኛል። የእርሻ ማሽኖች ጣቢያ ለሠልጣኝነት መርጦኝ ነበር፤ ወሬው ሲደርሰው ሐሳቡን ቀየረ። የውሃ ፓምፕ ጥገና ውስጥ የገባሁት ወድጄ እንዳይመስልህ። ፓምፕ ቁልቁለት አይወርድም፤ ስለዚህ ሰው አመነኝ።

ትራክተሩን አባባ ሸራ አልብሰው አስቀመጡት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም መሪውን አልጨበጠም።

ደብዳቤህን ባነበብኩ ማግስት፣ ጠዋት፣ ሸራውን ገፈፍኩት። ባትሪ ቀየርኩ፣ ጎማውን ነፋሁ፣ የናፍጣውን መስመር አጸዳሁ። ሞተሩ ሲያስነጥስ ቆይቶ ተነሳ። ማርሽ አስገባሁና አዳመጥኩ። ካምቢዮው ትንፍሽ አላለም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ማሽን ሳዳምጥ የኖርኩ ነኝ፤ ያን ያህል ያረጀ ማሽን ዝም ሲል ደስ አይለኝም፤ እጠረጥራለሁ። ሞተሩን አጥፍቼ ከሥሩ ገባሁና የዘይት ማፍሰሻውን ፈታሁ። ዘይት አልፈሰሰም። በሽቦ ስቆፍረው እንደ ጭቃ እየተቆረሰ ወረደ። በጣቶቼ መካከል አሸሁት። እንጨት ነበር። ሰጋቱራ! የአናጢ ቤት ሰጋቱራ፣ ዘይት ጠጥቶ ያበጠ።

ይህን ዘዴ የማያውቅ የለም፤ አሮጌ መኪና ሊሸጡ የሚፈልጉ አጭበርባሪዎች ይሠሩታል። ሰጋቱራው ጥርሶቹ መካከል እየገባ ጩኸቱን ያፍነዋል፤ በሽታው ግን እንዳለ ነው። የጎን ክዳኑን ለመክፈት ስሄድ ደግሞ ቡሎኖቹ ላይ የፋብሪካው ቀለም ሳይላጥ ተቀምጧል። አንድም ቁልፍ አርፎባቸው አያውቅም። ክዳኑን እንኳ አልከፈትከውም፤ ሰጋቱራውን በዘይት መሙያው ቀዳዳ ነው የጠቀጠቅከው! ሁለት ሳምንት ሙሉ በር ቆልፈህ ስትደበድበው የነበረው ምን ነበር? ግድግዳውን ነው?

ከፍቼው የሁለተኛውን ማርሽ ጥርስ አየሁት። ጫፉ ተበልቶ ሾጥጧል። እንደዚያ የሾጠጠ ጥርስ ሸክም ሲበዛበት እየተንሸራተተ ይወጣል፤ ያንን ደግሞ የማንም እጅ አይመልሰውም። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ንዴት ብቻ አልነበረም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዳንድ ቀን እኔም ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር፤ «ምናልባት ሳላውቀው ነክቼው ይሆን?» እያልኩ። ይህን ያደረግከኝ አንተ ነህ።

ከሰጋቱራው እፍኝ ሙሉ ይዤ ወደ አባባ ሄድኩ። በረንዳው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ነበር።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ጎንበስ ብለው አዩት። «ሰጋቱራ ነዋ» አሉ።

ጥቁር ጭቃ ነው የያዝኩት፤ ያለ መነጽር ደግሞ የራሳቸውን ጫማ አይለዩም።

«ያውቁ ነበር?»

«ወንድምሽ ከአናጢው ቤት በከረጢት ተሸክሞ ሲመጣ አግኝቼው ለዶሮዎቹ ነው አለኝ። ሆስፒታል ተኝቼ ነው ትዝ ያለኝ። ዶሮዎቹ ቤት ሰጋቱራ የሚባል አይቼ አላውቅም።»

«ሆስፒታል! ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ማርሽ ሰባሪ ሲለኝ...»

«እሱ ሩቅ ነው ያለው፣ ልጄ። ይህን ብዬ ብጽፍለት አፍሮ ይቀርብኛል፣ ፊቱን ሳላይ እሞታለሁ ብዬ ፈራሁ። አንቺማ እዚሁ ነሽ።»

እዚሁ ነሽ። ጠዋት እግራቸውን የማሸው፣ ሐኪም ቤት የምወስዳቸው፣ ደብዳቤህን የማነብላቸው እኔ እዚሁ ስለሆንኩ ሊጠበቅልኝ የሚገባ ስም አልነበረኝም። አንተን ከኔ አብልጠው እንደሚወዱህ ድሮም አውቅ ነበር፤ ለምጄዋለሁ። የሳቸው ፍቅር ላንተ፣ ጥፋትህ ደግሞ ለኔ መከፈሉን ግን አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው። «ወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ ሰው ባለበት ይናገሩልኝ። እሷ አይደለችም ይበሉ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«መጥቶ ይሂድ» አሉኝ። «ልጆቹ ፊት አናዋርደው።»

«ከሄደ በኋላ ይናገሩልኛል?»

ከዘራቸውን ፈልገው ወደ ውስጥ ገቡ።

ትራክተሩን ሠርቼዋለሁ። እንደዚያ ተበትኖ ልተወው አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። ጥፋቱ የብረቱ አይደለማ። የቶርኖ ባለሙያው የተበላውን ጥርስ በብየዳ ሞልቶ እንደገና ቀረጸልኝ። ሲያስረክበኝ «ማን ነው የሚገጥመው?» አለኝ። «እኔ ነኝ» ስለው የሰማውን ወሬ አስታውሶ ነው መሰለኝ አንገቱን ደፋ። ኩሽኔታዎቹን ለወጥኩ። ሣጥኑን በናፍጣ ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ አንዲት ቅንጣት እንጨት እንዳትቀርበት በጨርቅ ጠረግኩት። ከጨረስኩ በኋላ ነው አንድ ነገር የገባኝ፤ ማስረጃዬን ሁሉ አጥቤ ደፍቼዋለሁ። ብናገር የሚያምነኝ የለም። ብቻ ሰጋቱራ እያለበት መዝጋት ለኔ የሚሆን ነገር አይደለም።

ከዚያ ተሳቢውን ጭኜ በዚያው ቁልቁለት ብቻዬን ወረድኩ። ማርሹ ያዘ፤ እስከ ታች ድረስ ያዘ። ካምቢዮው አሁን ትንሽ ያጉረመርማል። እንዳትደነግጥ፤ ጤነኛው ድምፁ ያ ነው። ለልጆችህ «ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ» ማለት ከፈለግክ ያንተ ምርጫ ነው፤ መቼም አልጀመርከውም አይባልም።

ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ እኮ እደብቅልህ ነበር። የሚያበሽቀኝ ይህ ነው። «እህቴ፣ አልቻልኩበትም፣ መሄድ ግን አለብኝ» ብትለኝ ማታውኑ ከአባባ ጋር ተጣልቼ አስለቅቅህ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመትህ ነበር፤ አለመቻል ነውር አይደለም። አንተ ግን ከኔ እርዳታ ከመጠየቅ አባባን ቁልቁለት ላይ ማስቀመጥን መረጥክ።

ስትመጡ አታገኙኝም። አንድ ትልቅ እርሻ ጋራዡ ውስጥ እንድሠራለት ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ፣ አባባን ለማን ጥዬ ብዬ እምቢ ብዬው ነበር። አሁን እሺ ብያለሁ። ሰኞ እሄዳለሁ። ጎረቤታችን ነርሷ እስክትመጡ ጠዋትና ማታ ታያቸዋለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ ከሷ ጋር ተነጋገር። መድኃኒታቸው በቀን ሁለቴ ነው፤ ውጠዋል ብለህ አትመን፣ ቁመህ እይ። ቀኝ እግራቸው ካልታሸ ከአልጋ አይወርዱም። ሲያማቸው አይናገሩም፤ ዝም ካሉ አሟቸዋል ማለት ነው።

ትናንት ልብሴን ሳጣጥፍ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ይከለክሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ታዲያ ትራክተሩን ማን ይነዳዋል?» አሉኝ።

«ልጅዎ እየመጣ አይደል?» አልኳቸው።

ግራ ቀኝ አዩ፤ ሰው እንዳይሰማቸው ነው። ከኛ በቀር በቤቱ ማንም አልነበረም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሱ እኮ አይችልም» አሉኝ።

ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ይኸው ነበር፤ ለኔ ብቻ፣ በሹክሹክታ፣ እንዳልሄድባቸው። «ውጭ ወጥተው ይናገሩት» አልኳቸውና ሻንጣዬን ዘጋሁ።

በሰላም ግቡ።

እህትህ