የሰፈራችን ሁለት ኒራንጃኖች

ይድረስ ለእትዬ ተጂንደር፣

የብራምፕተን ከተማ ምክር ቤት ኮሚቴ ትናንት ሰኞ የውሳኔ ሐሳቡን በስድስት ድጋፍና በሦስት ተቃውሞ አሳልፎታል። በ1984 ደልሂ ውስጥ በእኛ በሲኮች ላይ የተፈጸመው ግድያ የዘር ጭፍጨፋ መሆኑን ምክር ቤቱ በይፋ እንዲያውቅ የሚጠይቀው ነው። ሙሉው ምክር ቤት ሐሙስ ኦክቶበር 31 ድምፅ ይሰጥበታል።

ሰላምታ ማስቀደም ሲገባኝ በዜና መጀመሬ የሠላሳ ዓመት የጋዜጣ ልማድ ነውና ይቅር በይኝ። ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ደረጃ ያስወጣሻል ወይ? የእማዬስ ዓይን እንዴት ነው? ጠብታውን ትቀበልሻለች ወይስ አሁንም "ዛሬ ደህና ነኝ" እያለች ታባርርሻለች? እኛ ሁላችንም ጤና ነን። እኔ ብቻ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህን ደብዳቤ እንኳ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። ባለቤቴ ሐርሊን "ወይ ጻፍ፣ ወይ ውጣና የደጁን ቅጠል ጥረግ፤ ወለሉን እኮ ጨረስከው" ብላኛለች።

በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፁን ከፍ አድርገሽ ስለምታወሪና እማዬ ከአጠገብሽ ስለማትጠፋ ነው። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የአቶ ሶዲ አማች ነገ ይበራል። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከውሳኔው ጋር የተገደሉት ሰዎች ስም ዝርዝር ይያያዛል፤ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊትም ጮክ ተብሎ ይነበባል። የእኛን የደልሂ ሰፈር ስሞች እንድሰበስብ የቤተ ጸሎታችን ኮሚቴ ለእኔ ሰጠኝ። ሠላሳ አንድ ስም ሰብስቤ እያንዳንዱን ከቤተሰቡ ጋር አመሳከርኩ። አንዱን ብቻ አላመሳከርኩም። "ኒራንጃን ሲንግ" ብዬ አንድ ጊዜ ጽፌ አለፍኩ።

በሰፈራችን ሁለት ኒራንጃን ሲንግ እንደነበሩ አትረሺም። አባታችን ባለራዲዮኑ፣ ፊት ለፊታችን የነበሩት ደግሞ ባለመጋዙ። ባለመጋዙ በራቸው ላይ ሲገደሉ ሰው ሁሉ አይቷል። አባዬ ግን "ሱቁን ቆልፌ መጣሁ" ብሎ ወጣ፣ በዚያው ቀረ፤ ሬሳውን አየሁ ያለ የለም። እማዬም ይኸው አርባ ዓመት የመበለት ነጭ አልለበሰችም። የመንግሥት ጸሐፊ ፎርም ይዞ ሲመጣ "ባለቤቴ ሱቅ ሄዷል" ብላ ከደጅ መለሰችው። እኔም አንዱ ስም ለሁለቱም ይበቃል ብዬ አሰብኩ። እማዬ ምንም አትፈርም፣ እኔ ግን ሲነበብ እሰማዋለሁ።

ባለፈው እሑድ በቤተ ጸሎቱ ማእድ ቤት የባለመጋዙ ባለቤት አክስቴ ቻናን ካውር ቂጣ እያገላበጠች ጠራችኝ። ከልጇ ጋር እዚሁ ነው የምትኖረው። "ና እስቲ አንተ ጋዜጠኛ! ዝርዝሩ ላይ ያለው ኒራንጃን የኔ ነው ወይስ ያንተ?" አለችኝ። "የሁለታችንም ነው፣ አክስቴ" አልኳት። "ኧረ በል! ከእናትህ ጋር ሽንኩርት ስንካፈል ኖረናል፣ ባሌን ግን አላካፍላትም!" ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እሷ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ "ልጄ፣ ያጣነው ሁለት ሰው ነው። አንድ ብለህ ከጻፍክ የነዚያን ሰዎች ሥራ አቀለልክላቸው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ የእሷን ባል "ኒራንጃን ሲንግ፣ አናጢ" ብዬ አስተካክያለሁ። ከሥሩ ያለው መስመር ባዶ ነው። ደንቡን ጠየቅሁ፤ ሚስት በሕይወት ካለች የልጅ ፊርማ አይበቃም፣ የእሷ አውራ ጣት አሻራ ግን ይበቃል፤ በስልክ ፎቶ ቢላክም ይቀበላሉ። "ወጥቶ ያልተመለሰ" ተብሎ ይጻፍልኝ ብዬም ለምኜ ነበር። አይሆንም አሉኝ፤ ዝርዝሩ የተገደሉ ሰዎች ዝርዝር ነው። ልንገርሽ፣ ትናንት በእሷ ፈንታ የራሴን ጣት ላትም የማኅተሙን ቀለም ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት።

ከተቃወሙት አንዱ የኮሚቴ አባል "የሩቅ አገር የድሮ ነገር ነው" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የአባዬ ሰማያዊ ጥምጥም በየእሑዱ እንደሚታጠብ አያውቅም። አንቺ አንዱን ጫፍ፣ እማዬ ሌላውን ይዛችሁ፣ ወጥራችሁ ታጥፉታላችሁ። እኔ እዚህ የራሴን ስወጥር ጫፉን በር እጀታ ላይ ነው የማስረው። የበር እጀታ ምንም አይጠይቅም። አንቺ ግን በመጪው እሑድ ጨርቁን እንደያዝሽ ጠይቂልኝ። አትለምኛት፣ አታባብያት። ዝርዝሩ ስሙን እንጂ ሬሳውን እንደማይጠይቅ፣ ቻናንም ባሏን ለብቻዋ እንደወሰደች ንገሪያትና ዝም በይ።

እምቢ ካለች መስመሩን እሰርዘዋለሁ፤ ዳግመኛ አላነሣውም። እሺ ካለች ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ ጥምጥሙን ምን ልታደርገው ነው? ከወንበሬ የሚያስነሣኝ ይሄ ነው። አንቺስ ምን ትያለሽ? አርባ ዓመት ያንን ጫፍ ስትይዢ አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ከማን እንደሆነ ታውቃለች። ለጋሼ ሙክቲያር ሰላም በይልኝ፤ ሐኪሙ የከለከለውን ጣፋጭ እንደሚሰርቅ ሰምቻለሁ በይው። አንሙል በፈተናዋ እንዳትፈራ፤ ታናሿ ራንቪር ደግሞ የላከልኝን የአውቶቡስ ሥዕል ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ዝርዝሩ የሚዘጋው የፊታችን ሰኞ ኦክቶበር 28 እኩለ ቀን ላይ ነው፤ በእናንተ ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል።

ወንድምሽ ባልራጅ
ብራምፕተን፣ ማክሰኞ ኦክቶበር 22