ማጽኛ ያልነካት አበባ

ንፋስ መውጫ፣ ጥቅምት ፳ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ፣ ለዚያች ነገረኛ፤

እንደምን ሰነበትሽ? የአዲስ አበባ ብርድ አልጎዳሽም? ምግብሽስ እንዴት ነው? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ሳል ቢጤ አለችኝ እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ ጎረቤቴ አዛለች እንደምትለው ከሆነ ደግሞ ምላሴ ጭራሽ አላረጀም።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። የሥዕል ትምህርት ቤቱ አስተማሪሽ የአበባ ፎቶዎቼን በትርኢት ሊሰቅላቸው ፈልጓል፤ ዐሥራ ሁለቱን መርጠህ፣ ፎቶ እንዳይጠቁር በሚያደርገው በማጽኛው ውሃ አጽንተህ ላክ አልሽኝ። አላጸናም፣ አልልክምም። መልሴ ይኸው ነው፤ የቀረው ወሬ ነው።

ለአስተማሪሽ እንዲህ በይው። አያቴ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲያጸና ኖሯል። ከጋይንትም ከስማዳም ከእስቴም የመጣውን ሁሉ አትነቃነቅ ብሎ፣ ፊቱን አስኮስትሮ፣ አንስቶና አጥቦ ሰጥቷል። አሁን ለራሱ የሚያነሳው የተልባ አበባ ነው። የተልባ አበባ ጠዋት ይፈካል፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ይረግፋል። ማጽኛ ያልነካው ፎቶም ብርሃን ሲያየው ይጠቁራል። እንግዳ ሲመጣ በሩን ዘግቼ ፎቶውን አወጣለሁ፤ ከዚያ መስኮቱን እከፍታለሁ። አበባዋ ዐይኑ እያየ ትሄዳለች።

ባለፈው ወር የነፍስ አባቴ አባ ገብረ ሚካኤል መጥተው እስከ መጨረሻው ቆመው አዩ። «መልሰህ አሳየኝ» አሉ። የለም አባ፣ ሄደች አልኋቸው። በመቋሚያቸው መሬቱን መትተው ተቆጡ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ማጥፋት ኃጢአት ነው አሉ። «ዕድሜዎን ሙሉ ዓለም ኃላፊ ነው እያሉ አስተማሩን፤ አንዲት የተልባ አበባ ብትሄድ ይቆጣሉ?» ብላቸው ሳቃቸውን ሊደብቁ ፊታቸውን አዞሩ። በማግስቱ ተመልሰው ደጅ ላይ ቆሙና ሌላ አለ ወይ አሉኝ።

አጎትሽ ጣሰው ደግሞ የባሰበት ነው። «የአገሩን ሰው ሁሉ አንስተው የእርስዎ አንድ እንኳ የለም፤ አንድ ይነሡና አጽንተን እንስቀለው» ይላል። ለምን እንደፈለገው አልጠፋኝም። የለቅሶዬ ድንኳን ውስጥ የሚቆም ፎቶ ቸግሮታል። ድንኳኑን ባዶውን ትከለው ስለው አኮረፈ። ሚስቱ ደጊቱ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች።

አሁን ቀልዱን ልተወው። እምዬ የምትያትን አያትሽን፣ ካሜራውን በገዛሁ ዓመት አንድ ጊዜ አንስቻት በደንብ አድርጌ አጸናሁት። አትነቃነቂ ስላልኋት ተቆጥታለች፤ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባዋለች። ከሞተች ወዲህ ልያት ብዬ ዐይኔን ስጨፍን የምትመጣው ያችው ናት። ባቄላ ስትፈለፍል የምትስቀዋን፣ በእኔ ስታሾፍ አፏን የምታጣምመዋን፣ ዝናብ ሲመጣ ስጥ ልታነሳ የምትሮጠዋን፣ ሁሏንም ያች አንዲት ወረቀት በላችብኝ። አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ የተረፈችኝ አንዲት የተቆጣች ሴት ናት። ይህን በአንቺ ላይ አልሠራውም። ጣሰው ያኩርፍ፤ አስተማሪሽም ከፈለገ ግድግዳውን ቀለም ይቀባው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ነጋዴው ጁሃር ነው። በጥቁር ወረቀት የጠቀለልሁትም አለ፤ ምንድን ነው ሲለኝ የደረቀ አበባ ነው አልሁት። እኔ ስነሳ የካሜራውን ክዳን የከፈተችልኝ ደጊቱ ናት። አትነቃነቅ የሚለኝ ስላልነበረ ሳቅሁ፤ ትንሽ ደብዝዟል። ጣሰው አላየውም። አላጸናሁትም።

በትምህርት ቤታችሁ ጨለማ ክፍል ማጽኛው ሞልቶ እንደተቀመጠ አውቃለሁ፤ እጅሽ እንደሚቁነጠነጥም አውቃለሁ። ተይው። አሁንም አትክፈችው። ጣሰው ቶሎ ነይ ብሎ የላከብሽ ዕለት፣ ከመነሳትሽ በፊት፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ተቀምጠሽ ክፈችው። እስኪጠቁር ድረስ አብረሽው ሳቂ። ከዚያ ተነሽና መንገድሽን ሂጂ፤ መኪናው አይጠብቅም።

የሠራሽው ይባረክ። የወደድሽው ይውደድሽ። ከክፉ ዐይን ይሰውርሽ። ሁለቱንም እጆቼን ራስሽ ላይ ጭኛለሁ።

አያትሽ