ባለቤት ለሌለው መረብ ብቸኛ ባለቤት፣ ለእድራችን ሊቀመንበር

ለተከበሩ ጋሽ ደቅሲሳ፣ የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር፣ የእድሩ የስልክ ግሩፕ ከፋች፣ ጠባቂና አሰናባች፤
መቱ

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምኩ፣ መላ ጤናዎ እንደ አውራ ጣትዎ ብርቱ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ከእድሩ አዳራሽ ፊት ለፊት ልብስ የምሰፋው እድላዊት ነኝ። ከግሩፑ ካወጡኝ ስለቆየሁ፣ ምናልባት ረስተውኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

በአዳራሹ በር ላይ ያስለጠፉትን ማስታወቂያ በአክብሮት አነበብኩ። እድራችን ባለቤትም ማእከልም ወደሌለው አዲስ ማኅበራዊ መረብ እንደሚዛወር፣ እዚያ የንግድ ማስታወቂያ እንደማይረብሸን፣ የገጹንም ቀለም እንደየምርጫችን መቀየር እንደምንችል ዘርዝረዋል። እሰይ! ከግርጌው ደግሞ «ብቸኛ አስተዳዳሪ፦ ደቅሲሳ» ይላል። ባለቤት የሌለው ነገር እንዲህ ቶሎ ባለቤት ሲያገኝ ማየት ደስ ይላል።

ሰው ወደዚህ መረብ ምን ቢስበው ይሄዳል ብለው ባይጠይቁኝም፣ እኔን የሚስበኝን በቁጥር ላቅርብ።

፩. በአንድ ሰው ቁጣ ከሰው የማልለይበት ከሆነ እሄዳለሁ። አምና፣ ጠቅላላ ስብሰባ ለምን ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳልተጠራ በግሩፑ ላይ ብጠይቅ፣ በመልስ ፈንታ በሩን አሳዩኝ። ስለ ፈጣን ምላሽዎ አመሰግናለሁ።

፪. ሞት የምሰማበት ከሆነ እሄዳለሁ። ጡሩምባ ነፊያችንን ዘመኑ የስልክ ነው ብለው ካሰናበቱ ወዲህ ቀብር የሚነገረው በግሩፑ ብቻ ነው። በየካቲት የተማሪ ዩኒፎርም ለማድረስ ቡሬ ሄጄ ሳለ ጎረቤቴ እትዬ በየነች አረፉ። ሁሉም ከግሩፑ ሰምታለች ብሎ ስላሰበ አንድ እንኳ የደወለልኝ የለም። ድንኳኑ ሲፈርስ ደረስኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጥር ተጋርተናል፣ ስወልድ ያረሱኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ግን አፈር እንኳ አላለበስኳቸውም። ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልተን» ሳትለኝ የማታልፈው ልጃቸው ሲፋን፣ አሁን ስታየኝ መንገድ ትሻገራለች። አልፈርድባትም፤ ቀብር ያልቆመ ጎረቤት ምን ጎረቤት ነው? አልሰማሁም ብላት፣ መቱ ሙሉ የሰማውን እንዴት ታምነኛለች? ያንገበግበኛል ጋሽ ደቅሲሳ፣ ሥራ ላይ ተቀምጬ እንባዬ ይመጣል።

፫. ከእርስዎ ጋር ስጣላ ከሰፈሩ ጋር የማልጣላበት ከሆነማ ሮጬ እሄዳለሁ። መረቡን ሊያስረዳን የመጣው ባለሙያ እንዳለው፣ የጎረቤታችን ከተማ የሁሩሙ እድር በራሱ ቤት፣ እኛም በራሳችን ቤት ሆነን መነጋገር እንችላለን፤ አንዱ በር ቢዘጋብኝ በሌላው ገብቼ እነዚያኑ ጎረቤቶቼን አገኛለሁ። ልቤን የሳበው ይሄ ነበር። ከማስታወቂያዎ የተዘለለችውም ይህችው ብቻ ናት፤ ወረቀቱ ጠቦዎት ይሆናል።

በብዙ ሥራዎ መካከል ይህን ለማንበብ ስለሚያጠፉት ጊዜ ከወዲሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወር በገባ ቁጥር መዋጮዋን ብቻ የማይረሱላት፣ ታዛዥዎ፣
እድላዊት፣ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በሰባት ቅጂ ጽፌ ለሰባት ቤት አድያለሁ። ላጥፋው ካሉ በየደጁ እየዞሩ ማንኳኳት ግድ ይልዎታል። አንዱን በሲፋን በር ሥር አስገብቼዋለሁ፤ ደብዳቤውን ከእጇ ሊቀበሉ ሲሄዱ እግረ መንገድዎን፣ እናቷን ሳልቀብር ያስቀረኝ ማን እንደሆነ በአፍዎ ይንገሩልኝ።