ለስመኝ የላክሁት ቀይ ዱቄት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ገብረማርያም፣ ጭልጋ።

እንደምን ሰነበቱ? ከብቱ ደኅና ነው? የእማማ ወገብስ ተሻለው? ከሁሉ በፊት ግን እኅታችን ስመኝ ከወለደች ወዲህ ጉልበቷ ተመለሰላት ወይ? ሕፃኑስ ይጠባል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ የመተማ ሐሩር እኔን ማቅለጥ አቅቶት ተስፋ ቆርጧል።

ይህን የጻፍሁት እኔው ሸጋው ነኝ፣ በገዛ እጄ። ማታ ማታ ከምንሠራበት ከሙጫው መጋዘን ደጅ መምህር ፊደል ያስቆጥሩናል። ሌላው ሀ ሁ ላይ ሲያዛጋ እኔ ዳዊት ልደግም ምንም አልቀረኝ። መምህር ግን ጉራህ ከፊደልህ ይቀድማል ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ያው ጉራዬ ያመጣውን ጣጣ ለጸሐፊ ነግሬ ለማስጻፍ ስላፈርሁ ነው ራሴ ብዕር ያነሳሁ።

በታኅሣሥ ለስመኝ በነጋዴው በጀይሉ አህያ የላክሁትን ጣሳ ያስታውሳሉ። የቆላ ሐኪም ያዘዘው፣ ደም የሚተካ፣ ጧትና ማታ በወተት ትጠጣው ብዬ አስጽፌ ነበር። ሐኪሙ እኔ ነበርሁ። አብሽና የተቆላ ሰሊጥ ወቅጬ፣ ሲበጠበጥ እንዲወፍር ሙጫ ጨመርሁበት። እስከዚህ ደግ ነው፤ ሙጫውን እኛ ለቃሚዎቹ ስናኝከው እንውላለን። ነገር ግን ነጣብኝ። ነጭ ዱቄት ደም ይተካል ቢባል ማን ያምናል? ከገበያ ቀይ ቀለም ገዝቼ አገባሁበት። ደም መሰለ፤ ደስ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ለጎረቤቴ ለሐሚዳ፣ ሰሌን ሠሪዋ፣ ስፎክርባት እጇን በአፏ ጫነች። «ወላሂ አንት ወሽካታ! ሰሌን የምንነክርበትን ቀለም ለአራስ ላክህላት? ውኃውን የጠጣች ፍየሌ ውላ አላደረችም እኮ!» አለችኝ። እኔም ወንድ ነኝ ብዬ የተረፈኝን አንድ እፍኝ ፊት ለፊቷ ቃምሁ። ሁለት ቀን አንጀቴ ሲገለበጥ ከረመ። ሐሚዳ አጥሚት እያጠጣች ትስቅብኛለች፤ እኔ ግን ስመኝን እያሰብሁ መሳቅ አቃተኝ። እኔን በሬውን አንድ እፍኝ እንዲህ ካደረገኝ፣ እሷን አራሷን፣ ያውም ሁለት ወር ሙሉ?

ጋሼ፣ ይህ ወረቀት እንደደረሰ ጣሳውን ይንጠቋት። ለከብትም ለውሻም አይድፉት፣ ይቅበሩት። ጣሊያኖች ኬላው ላይ የጀይሉን አህዮች ስለቀሙ ወረቀቱን በእግረኛ ልኬዋለሁ፤ እባክዎ እስካሁን ጠጥታ ሳትጨርሰው አትቀርም ብለው አይተዉት።

እማማን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ሕፃኑን ግንባሩን። ለስመኝም ወንድምሽ ሐኪም አይደለም ይበሏት።

ከመቅበርዎ በፊት ጣሳው ስንት እንደጎደለ ይዩልኝ፤ እስከ አፉ ሞልቼው ነበር። የሆነውን ሁሉ ይጻፉልኝ፣ ክፉም ቢሆን። አሁን ለብቻዬ ማንበብ እችላለሁ።

መተማ፣ የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.
ታናሽዎ ሸጋው